ኢየሱስ ለምን መጣ? አማኞችና ተጠራጣሪዎች የሚከራከሩበት ነጥብ

"ኢየሱስ ወደ ምድር የመጣው ለምንድን ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ክርስቲያን ሳያመነታ ይመልሳል። ለኃጢአታችን ሊሞት፣ እኛን ሊያድን። ተጠራጣሪው ግን መልሱን ከመስማቱ በፊት ጥያቄውን ይይዛል። "ልሞት መጣሁ" ያለው ራሱ ነው ወይስ በኋላ ስለ እሱ የጻፉት ሰዎች ናቸው? ከዚያ ክርክሩ ይጦዛል። አንዱ ጥቅስ ይመዛል፣ ሌላው ጥቅሱ መቼ ተጻፈ ይላል። ተነጋግረው ሲጨርሱ ሁለቱም የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው።

ይህ የሚሆነው አንዱ ወገን ስላላነበበ ወይም ግትር ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። ጥያቄዎቹን ለይቶ ያየ ሰው ክርክሩ የት ላይ እውነተኛ እንደሆነ፣ የት ላይ ደግሞ ዝም ብሎ መተላለፍ እንደሆነ ያውቃል። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?

አንድ ሐኪም ወረርሽኝ ወደገባበት አገር ሄደ እንበል። ሕሙማኑን ሲያክም በሽታው ያዘውና ሞተ። ስለዚህ ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ ይቻላል። አንደኛው፣ ሲሄድ ምን አስቦ ነበር? እንደሚሞት ያውቅ ነበር? ወይስ ሥራውን ጨርሶ ሊመለስ ነበር? ይህን ለማወቅ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እናነባለን፣ አብረውት የነበሩትን እንጠይቃለን። ሁለተኛው፣ ሞቱ ለዳኑት ሰዎች ምን አስገኘላቸው? ለዚህ የሐኪሙ ደብዳቤ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ስለ ኢየሱስ ሲነሳም እንደዚሁ ነው። ተጠራጣሪው ባብዛኛው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው። በገሊላ ይመላለስ የነበረው ሰው በራሱ ልብ ምን ለማድረግ ተነሳ? ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው። አማኙ ደግሞ ባብዛኛው የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። በእሱ መምጣትና መሞት እግዚአብሔር ምን ሠራ? ይህ የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ክርስትና ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው እንዲቀሩ አይፈቅድም። ኢየሱስ እያወቀ፣ ወድዶ ሞተ ነው የሚለው። ስለዚህ አማኙ "የታሪኩ ጥያቄ አያገባኝም" ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ተጠራጣሪው የሚነካው ነገር እውነትም የእምነቱን መሠረት ይነካል።

ኢየሱስ ራሱ ምን ብሏል?

ወንጌሎቹ ውስጥ "መጣሁ" ወይም "ተላክሁ" የሚሉ ቃሎች ብዙ ናቸው። አንድ ዓይነት አይደሉም። ማርቆስ 10፥45 ላይ የሰው ልጅ የመጣው "ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ" ነው። ሉቃስ 19፥10 ላይ የጠፋውን ሊፈልግና ሊያድን ነው። እዚያው ሉቃስ 4፥43 ላይ የእግዚአብሔርን መንግሥት ወንጌል ሊሰብክ እንደ ተላከ ይናገራል። ማቴዎስ 5፥17 ላይ ሕግንና ነቢያትን ሊፈጽም ነው። ማቴዎስ 10፥34 ላይ ሰላም ሳይሆን ሰይፍ ሊያመጣ፣ 15፥24 ላይ ደግሞ ከእስራኤል ቤት ለጠፉት በጎች ብቻ። ዮሐንስ 18፥37 ላይ ጲላጦስ ፊት ቆሞ ለእውነት ሊመሰክር እንደ ተወለደ ይናገራል።

አማኙ ይህን ሁሉ ሲያነብ አንድ ሥራ ከብዙ አቅጣጫ ሲታይ ነው የሚታየው። ስብከቱ፣ ፈውሱ፣ ሕጉን መፈጸሙና ሞቱ አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ተጠራጣሪው ደግሞ የሚያየው የተለያዩ ጸሐፊዎች የተለያየ ነገር ሲያጎሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁለቱም ወገን ሊያስተውለው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወንጌሎች ውስጥ ኢየሱስ አብዝቶ የሚናገረው ስለ ራሱ ሞት አይደለም። ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነው። ማርቆስ ስብከቱን የሚያስጀምረው "ዘመኑ ተፈጸመ የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች" በሚል ቃል ነው (1፥15)። ስለ ኢየሱስ ዓላማ ተነጋግሮ መንግሥቱን ጨርሶ የማያነሳ ሰው፣ አማኝም ይሁን ተጠራጣሪ፣ ትልቁን ክፍል ዘሎታል።

ወንጌሎቹ መቼ ተጻፉ? ይህስ ለምን ያከራክራል?

ኢየሱስ የተሰቀለው በ30 ወይም በ33 ገደማ ነው። ጲላጦስ ይሁዳን ያስተዳደረው ከ26 እስከ 36 ስለሆነ ከዚያ አይወጣም። አብዛኞቹ ምሁራን ማርቆስን በ70 ገደማ፣ ማቴዎስንና ሉቃስን ከ80 እስከ 90 ባለው፣ ዮሐንስን ደግሞ ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ያደርጓቸዋል። ከዚያ ቀደም ብለው የሚያስቀምጧቸውም አሉ።

ተጠራጣሪው መከራከሪያውን የሚያነሳው ከዚህ ክፍተት ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ተስፋቸው በመስቀል የተሰበረ ሰዎች ሞቱን ትርጉም ለመስጠት ብዙ አስበዋል፤ "ሊሞት ነው የመጣው" የሚለው ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው ይላል። ማስረጃም ያቀርባል። የቤዛው ቃል ማርቆስ ላይ አለ። ሉቃስ ግን ደቀ መዛሙርቱ ስለ ታላቅነት የተከራከሩበትን ተመሳሳይ ቦታ ሲጽፍ "እኔ በመካከላችሁ እንደሚያገለግል ነኝ" በሚለው ብቻ ያልፋል (22፥27)። ቤዛ የሚል የለም። በኤማሁስ መንገድ ላይ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም እስራኤልን የሚቤዠው እሱ እንደሆነ ተስፋ አድርገው እንደነበር ሲያወሩ ነው የምናገኛቸው (ሉቃስ 24፥21)። ሞቱን የጠበቁት አይመስሉም።

አማኙም ባዶ እጁን አይደለም። የጳውሎስ ደብዳቤዎች ከወንጌሎቹ ይቀድማሉ። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ከ53 እስከ 55 ባለው ጊዜ የተጻፈ ነው። እዚያ ምዕራፍ 15 ላይ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ ይላል፤ ደግሞም ይህን የተቀበልሁት ነው ብሎ ነው የሚያስተላልፈው። ማለትም ከእሱም በፊት ይባል ነበር። ምዕራፍ 11 ላይ ደግሞ ኢየሱስ በመጨረሻው እራት እንጀራውን ቆርሶ ይህ ስለ እናንተ የሚሆን ሥጋዬ ነው እንዳለ ይጽፋል። ስለዚህ የሞቱ ትርጉም ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው ማለት አይቻልም። በጣም ቀደምት ነው። ቀደምት መሆኑ ብቻውን ግን ከኢየሱስ አፍ ወጣ ማለት አይደለም፤ ተጠራጣሪውም ይህን ለመናገር አይዘገይም። የእራቱን ትውፊት የሚቀበል ሰው ግን ኢየሱስ ሞቱ ሲቀርብ ቢያንስ አንድ ትርጉም እንደሰጠው ይቀበላል።

ተጠራጣሪ የሚባለው ማን ነው?

አንድ ወገን አይደለም። ኢየሱስ የሚባል ሰው ጨርሶ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ በመስኩ ካሉ ምሁራን መካከል ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪተስ በ116 ገደማ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደተገደለ ጽፏል። አይሁዳዊው ጆሴፈስም በ93 ገደማ ባጠናቀቀው መጽሐፉ ላይ "ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም ያዕቆብ" ይላል። ሁለቱም ክርስቲያን አልነበሩም።

ሌሎች ደግሞ መኖሩን ተቀብለው ዓላማው ላይ ይከራከራሉ። የሐምቡርጉ መምህር ሄርማን ሳሙኤል ራይማሩስ የጻፈውን በሕይወቱ ሳለ አላወጣውም። ከሞተ በኋላ ጀርመናዊው ጸሐፊ ሌሲንግ ከ1774 ጀምሮ በቁርጥራጭ አሳተመው። ኢየሱስ ምድራዊ መንግሥት ሊያቆም ተነስቶ ሳይሳካለት ሞተ፤ መንፈሳዊ አዳኝ ያደረጉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው የሚል ነው። መስቀሉ ላይ የተጻፈው ክስ "የአይሁድ ንጉሥ" መሆኑ ለዚህ ይረዳዋል። የሚጎዳው ደግሞ ጲላጦስ መሪውን ሰቅሎ ተከታዮቹን መተዉ ነው። የጦር አመፅ ቢሆን ሮማውያን እንዲህ አያደርጉም ነበር።

ቶማስ ጄፈርሰን ሌላ መንገድ ሄደ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ይህ ሰው በ1820 ገደማ፣ በእርጅናው፣ የግሪክ፣ የላቲን፣ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳኖች አስቀምጦ በስለት ይቆርጥ ነበር። ትምህርቶቹን ቆርጦ ጎን ለጎን ለጠፋቸው። ተአምራቱን ተዋቸው። መጽሐፉ የሚያልቀው ትልቅ ድንጋይ ወደ መቃብሩ ደጃፍ አንከባልለው ሲሄዱ ነው። ትንሣኤ የለም። ለእሱ ኢየሱስ የመጣው ሊያስተምር ነው፣ በቃ። ዛሬም "ታላቅ አስተማሪ ነበር፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም" የሚለው ሐሳብ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ችግሩ ትምህርቱና ስለ ራሱ የተናገረው በቀላሉ የማይላቀቁ መሆናቸው ነው። "እኔ ግን እላችኋለሁ" እያለ ከሙሴ ሕግ ጋር የሚነጋገር ሰው ምክር ብቻ እየሰጠ አይደለም።

አይሁድና ሙስሊሞችን "ተጠራጣሪ" ማለት ትክክል አይሆንም። በእግዚአብሔር ያምናሉ፤ መልሳቸው ግን ሌላ ነው። በእስልምና ዒሳ ነቢይና መሲሕ ነው፤ አልተሰቀለም። በአይሁድ በኩል መሲሑ ሲመጣ ሰላምና ፍትሕ በምድር ላይ ሊታይ ይገባል፤ ያ ገና አልሆነም። ኢሳይያስ 53 ላይ መከራ የሚቀበለውን አገልጋይም ብዙዎቹ የእስራኤል ሕዝብ ነው ብለው ያነቡታል፤ ምክንያቱም 49፥3 ላይ አገልጋዩ እስራኤል ተብሎ ተጠርቷል። የሚገርመው፣ ይህንኑ ምዕራፍ ሰረገላው ላይ ሆኖ ሲያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ፊልጶስን የጠየቀው ይኸንኑ ነው። ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? (ሐዋርያት ሥራ 8፥34)። ጥያቄው ዛሬም ሳይዘጋ አለ።

ኢየሱስ የዓለም ፍጻሜ ቅርብ ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር?

በምሁራን ዘንድ ከሁሉ የከበደው ሙግት ይህ ነው። የሥነ መለኮት ምሁሩ አልበርት ሹዋይትዘር በ1906 ባወጣው ሥራ ኢየሱስ እግዚአብሔር በቅርቡ ታሪክን ይዘጋል ብሎ የሚጠብቅ ነቢይ ነበር አለ። ማርቆስ 9፥1 ላይ እዚህ ከቆሙት መካከል የእግዚአብሔር መንግሥት በኃይል ስትመጣ እስኪያዩ ድረስ ሞትን የማይቀምሱ አሉ ይላል። 13፥30 ላይም ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ይህ ትውልድ አያልፍም ይላል። ትውልዱ አለፈ።

ልብ ማለት ያለብን ሹዋይትዘር ኢየሱስ በአጋጣሚ ተገደለ አለማለቱን ነው። መንግሥቱ ስትዘገይበት መከራውን በራሱ ላይ ወስዶ ሊያመጣት ሆን ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ ነው የሚለው። ማለትም በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ከአማኙ ጋር ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ ለእሱ የታሰበው አልሆነም። ይህን የጻፈው ሰው በ1913 ሁሉን ትቶ ጋቦን ውስጥ ላምባሬኔ ሆስፒታል ከፈተ፤ ኢየሱስን መከተል ማለት ይህ ነው ብሎ ስላመነ። ተጠራጣሪ ሁሉ ለኢየሱስ ግድ የለውም ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

አማኞች ለእነዚህ ጥቅሶች የሚሰጡት መልስ ይለያያል። አንዳንዶቹ ከማርቆስ 9፥1 ቀጥሎ የሚመጣው ኢየሱስ በተራራ ላይ መልኩ የተለወጠበት ታሪክ ነው፤ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ያዩት ያንን ነው ይላሉ። ሌሎች ትንሣኤውንና የመንፈስ ቅዱስን መውረድ ይጠቅሳሉ። "ይህ ትውልድ" የሚለው ደግሞ በ70 ኢየሩሳሌም በሮማውያን መፍረሷን ነው የሚሉ አሉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ከምዕራፉ ጋር ይስማማል ብዬ አስባለሁ፤ ምዕራፉ የሚጀምረው ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ በተነሳ ጥያቄ ነውና። ሁሉንም ቁጥር ግን አይፈታም፤ እዚያው የሰው ልጅ በደመና ስለ መምጣቱ ይናገራል።

መስቀሉ ላይ የተናገረው ምን ያሳያል?

ይህን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ማርቆስ ላይ ኢየሱስ "አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?" ብሎ ይጮኻል (15፥34)። ከዚያ ቃል የሌለው ታላቅ ጩኸት፣ ከዚያ ሞት። ማቴዎስም በዚሁ ይሄዳል። ሉቃስ ላይ ይህ ቃል የለም። የመጨረሻው ቃል "አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ" ነው። ዮሐንስ ላይ ደግሞ "ተፈጸመ" ብሎ ራሱን ያዘነብላል።

ተጠራጣሪው እነዚህን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ያነባቸዋል። መጀመሪያ የተተወ ሰው፣ ቀጥሎ የተረጋጋ፣ በመጨረሻ ሥራውን የጨረሰ። ዓላማው ከጊዜ ጋር እየጠራ የሄደው በጸሐፊዎቹ እጅ ነው ይላል።

አማኙ የሚመልሰው፣ ጩኸቱ የመዝሙር 22 የመጀመሪያ መስመር ነው (በአንዳንድ ቅጂ 21)። መዝሙሩ በጭንቅ ይጀምርና በምስጋና ያልቃል። ልብሱን ስለ መከፋፈልና ዕጣ ስለ መጣልም እዚያው አለ። የመጀመሪያውን መስመር የጠራ አይሁዳዊ ሙሉውን ያስባል። ተጠራጣሪው ይህንኑ ይይዝና፣ እንግዲያውስ ትዕይንቱን ከመዝሙሩ ላይ ወስደው ሊያዋቅሩት ይችሉ ነበር ይላል። በሌላ በኩል፣ ጌታቸውን የሚያስከብር ታሪክ የሚፈጥሩ ሰዎች "ለምን ተውኸኝ" የሚል ቃል አፉ ላይ ያስቀምጣሉ ማለት ይከብዳል። የሚያሳፍር የሚመስል ነገር ሳይሰረዝ ከቀረ እውነት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ የታሪክ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንዱ መለኪያ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ እላለሁ። ይህን የመተው ጩኸት የጻፈው ማርቆስ፣ የቤዛውን ቃል የጻፈውም እሱ ነው። ያው ማርቆስ ጌቴሴማኒ ላይ ኢየሱስ ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን፣ ነገር ግን የአንተ ፈቃድ ይሁን ሲል ያሳየናል። ለማርቆስ ጭንቁና ዓላማው አይጣሉም። ፍርሃት ስላለ ዓላማ የለም የሚለው መደምደሚያ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ዓላማ ስላለ ሥቃዩ የይስሙላ ነው የሚለው አንዳንድ አማኝ የሚወድቅበት ሐሳብም የለም።

ሞቱ እንዴት ነው የሚያድነው? አማኞችስ ይስማማሉ?

ማዳኑ ላይ ይስማማሉ። እንዴት በሚለው ላይ አንድ ሆነው አያውቁም። በ325 ተጀምሮ በ381 የተሟላው የኒቅያ የእምነት መግለጫ ስለ እኛ ስለ ሰዎችና ስለ መዳናችን ከሰማይ ወረደ ይላል። እንዴት እንዳዳነ አያብራራም።

የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ክርስቶስ የአዳምን መንገድ እንደገና ሄዶ አቃናው ብሏል። ለአትናቴዎስ የሰው ችግር ሞትና መበስበስ ነው፤ ቃል ሥጋ የለበሰው ሞትን በሥጋው ሊሽረው ነው። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ቤዛው ለዲያብሎስ እንደተከፈለ ሲያስረዳ፣ ጓደኛው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ወንበዴ እንዲህ ያለ ዋጋ መቀበሉ ነውር ነው ብሎ ሐሳቡን ተቃወመ። በ1098 ገደማ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በምዕራቡ ዓለም አዲስ መልስ አመጣ፤ ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር የሚነካ ዕዳ ነው፣ ሊከፍለው የሚገባው ሰው ነው፣ ሊከፍለው የሚችለው ግን አምላክ ብቻ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሰዎች ይህን፣ ክርስቶስ የእኛን ቅጣት ተሸከመ ወደሚል ሐሳብ ወሰዱት።

ተጠራጣሪዎች "እግዚአብሔር ይቅር ለማለት ደም ለምን ያስፈልገዋል?" ሲሉ በብዛት የሚመቱት ይህን የመጨረሻውን ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊው የሥነ መለኮት ሰው ፋውስቶ ሶሲኒ አንስቶታል፤ ዕዳው ከተከፈለ ይቅርታ አልተደረገም፣ ይቅር ከተባለ መክፈል አላስፈለገም። ጠንካራ ሙግት ነው። የተለመደው መልስ ከፋዩና ይቅር ባዩ አንድ ናቸው የሚል ነው፤ ይቅርታ ሲደረግ ጉዳቱን የሚሸከመው ይቅር ባዩ ነውና። የአትናቴዎስን መንገድ የያዘ ክርስቲያን ግን ከጅምሩ በዕዳ ቋንቋ ስለማይነጋገር ሙግቱ ብዙም አይነካው ይሆናል። ስለዚህ "ክርስቲያኖች የሚሉት እንዲህ ነው" ብሎ አንዱን ትርጓሜ ብቻ ማፍረስ፣ ወይም አንዱን ብቻ መከላከል፣ ክርክሩን ያጠበዋል።

ለምንስ ያን ያህል ዘገየ?

"ሰውን ለማዳን ከሆነ ከዚያ በፊት የነበሩት ሺህ ዓመታትስ?" የሚለው ጥያቄም የዘመናችን ይመስላል። አይደለም። ሴልሰስ የተባለ ፈላስፋ በ178 ገደማ ጠይቆታል። እግዚአብሔር የወረደው በሰዎች ዘንድ ያለውን ለማወቅ ነው? ሁሉን አያውቅምን? ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው ወይ ሰውን ማጽደቅ ትዝ ያለው? ክርስቲያኑ መምህር ኦሪጎኖስ በ248 ገደማ ረጅም መልስ ጻፈለት፤ እግዚአብሔር ሰውን ያልተመለከተበት ዘመን የለም፣ በየትውልዱ ቅዱሳንንና ነቢያትን ይልክ ነበር ብሎ። የዛሬ ተከራካሪዎች ባብዛኛው የሚመላለሱት በእነዚህ ሁለት ሰዎች ጎዳና ነው።

ሁሉም ነገር ለምን ወደ ትንሣኤው ይመለሳል?

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ነው። የታሪክ ተመራማሪ በራሱ መሣሪያ ኢየሱስ እንደተሰቀለ፣ ተከታዮቹም ብዙም ሳይቆይ ተነስቶ አየነው እንዳሉ ሊናገር ይችላል። በእነዚህ ላይ ሃይማኖት የሌላቸው ብዙ ምሁራንም ይስማማሉ። ያዩት ምንድን ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ሰው እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ወይ ለሚለው ይዞት የመጣው መልስ ይገባበታል።

ካልተነሳ፣ የሞቱ ትርጉም ያዘኑ ሰዎች ያገኙት መጽናኛ ነው የሚለው ንባብ ይጠነክራል። ከተነሳ፣ ሞቱ ውድቀት አልነበረም፤ ስለ ቤዛነቱ የተጻፈውም ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ጳውሎስ ይህን ከማንም ተጠራጣሪ ቀድሞ አውቆታል። ክርስቶስ ካልተነሳ እምነታችሁ ከንቱ ናት ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው (15፥17) ራሱ ነው።